ከጋሸና የገዛሁት «ኦርጅናል»

በዚህ ዘመን ሐሰተኛ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አያፍርም፤ የሚያፍረው የገዛው ነው። ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሻጩ በጠራራ ፀሐይ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራል። ገዢው ግን ዕቃው በሦስተኛው ቀን ሲሞትበት በነጠላው ሸፍኖ፣ ጎረቤት እንዳያየው በጓሮ ዞሮ ወደ ጠጋኝ ቤት ይሄዳል። ሸዋጁ ደረቱን ነፍቶ፣ የተሸወደው አንገቱን ደፍቶ እንዲኖር ማን ፈረደ? እኔን ይህ ነገር ያንገበግበኛል። የሚያንገበግበኝም በወሬ ስለሰማሁት ሳይሆን አንገቱን ደፍቶ በጓሮ የዞረው ሰውዬ እኔው ራሴ ስለሆንኩ ነው።

ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ሥራዬ ከሩቅ አገር ለመጣ እንግዳ «ይህ ዓምድ ተገንብቶ የቆመ አይደለም፤ ከአለቱ ሳይለይ የተፈለፈለ ነው፤ ሌላ ቦታ ብትፈልገው አታገኘውም» እያሉ ማስረዳት ነው። በአጭሩ ኦርጅናል ማለት ምን ማለት እንደሆነ በሦስት ቋንቋ አስረድቼ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ጋሸና መገንጠያ ላይ፣ መኪናው ለምሳ በቆመበት ግማሽ ሰዓት ውስጥ የተሸወደውም ይኸው ባለ ሦስት ቋንቋ ሰው ነው።

ከአስጎብኚነቱ በፊት የዜማ ተማሪ ነበርኩ። መምህሬ የኔታ ላቀው ዛሬም አሉ፤ ቤታቸው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ፣ ከአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን በላይ ነው። ተማሪዎቻቸው ግማሹ አዲስ አበባ ገባ፣ ግማሹ እንደኔ ቱሪስት ተከተለ። የኔታ ለአጥቢያችን ዓመታዊ ንግሥ የሚወረብ አንድ ወረብ አላቸው። ቃሉን ካህናቱ ሁሉ ያውቁታል፤ አካሄዱ ግን የእሳቸው ብቻ ነው፣ ከመምህራቸው አፍ የተቀበሉት። በጣም ዝግ ብሎ ይነሳል። አንዲቱን ቃል ይዞ፣ መቋሚያው ወዲህና ወዲያ ሲል ይቆያል፣ ይቆያል፤ ከበሮው የሚገባው፣ ሰው ሁሉ «በቃ ዘንድሮ አይገባም» ብሎ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ነው ይባላል። «ይባላል» የምለው የኔታን እግራቸው ከቤት ካስቀራቸው ብዙ ዓመት ስለሆነ ነው። ያኔ አብረዋቸው የቆሙት ወይ አርፈዋል ወይ ጆሯቸው ደክሟል። የዛሬዎቹ ካህናት ዝናውን እንጂ ዜማውን አልሰሙም፤ እኔም ብሆን ከዚያ ትምህርት ሳልደርስ ነው የኮበለልኩት።

ታዲያ አንድ ቀን ልጠይቃቸው ብሄድ የኔታ እጄን ይዘው፣ «ይህን ነገር ይዤው አልሂድ። ተማረውና ለንግሡ ምራው፤ አንድ ጊዜ ከቅጥሩ ሰምቼው ልሙት» አሉኝ። እንዲህ ሲባል እምቢ የሚል አንደበት ያለው ካለ እሱ ይፍረድብኝ። እሺ አልኩ፣ ጉልበታቸውንም ሳምኩ። የኔታም ረቡዕና ዓርብ እየመጣሁ እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ እንድቀጽል ወሰኑ። ወቅቱ ግን የእንግዳ ወቅት ነበር። ረቡዕ ጣሊያኖች አሉ፣ ዓርብ ጃፓኖች አሉ። እኔም ብልጥ ነኝ አይደል? አንድ ቀን በደንብ ቀድቼ ከዚያ ቤቴ ተቀምጬ ባጠናውስ አልኩ።

በስልክህ አትቀዳም ነበር ወይ ትሉኛላችሁ። የኔታ ቤት ስልክ አይገባም። ከዓመታት በፊት የአንዱ ተማሪ ስልክ በዜማው መሃል በዘፈን ጮኾባቸው፣ ከዚያ ወዲህ ስልክ ይዞ የመጣ ሰው ከነስልኩ ከአጥሩ ውጭ ይቆማል። እንግዲህ የማይጮኽ፣ የሚቀዳና የሚያጫውት ብቻ የሆነ ዕቃ አስፈለገኝ።

ጋሸና ያለው ነጋዴ አንገቱ ላይ ባንኮኒ አንጠልጥሎ ይዞራል። ከመነጽሩና ከቻርጀሩ መሃል ያቺን ማጫወቻ አነሳልኝ፤ ጣት የምታህል፣ የምታብለጨልጭ፣ በጀርባዋ የዚያ የታወቀው ፋብሪካ ፍሬ የተቀረጸባት። ፍሬው ግን ከሁለት ወገን ተነክሷል። ነገሩን ባሳየሁት ጊዜ አልደነገጠም። የአንዱ ወገን ንክሻ አሮጌው ሞዴል ነው፣ ይኼኛው የተሻሻለው ነው አለኝ። ኮፒ አይደለም ወይ ብለው ተቆጣ፤ ኮፒማ ሌላው ነጋዴ ዘንድ ነው፣ ይኼ «ኦርጅናል ኮፒ» ነው አለ። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህን ሰምቼ ልቤ ረጋ። ዋጋውን አልናገርም፤ ሚስቴ ማንበብ ትችላለች።

የኔታ ዘንድ ስደርስ ያቺን ዕቃ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኳት። ጠርጠር አድርገው አይተዋት፣ እንደማትጮኽ በአምላክ ስም ካስማሉኝ በኋላ ወረቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወረዱት። እኔስ ሰማኋቸው? አልሰማኋቸውም። ትቀዳ ይሆን፣ አትቀዳ ይሆን እያልኩ ዓይኔን ከዚያች ማሳያ ላይ ሳልነቅል ጨረስኩ። ጆሮዬ ሥራውን ለማሽኗ ትቶላት ነበር። ዛሬ ሳስበው ጥፊ የሚገባኝ ለዚህ ነው። መምህሬ በዚያች ትንፋሻቸው ፊት ለፊቴ ያዜማሉ፣ እኔ የባትሪ ምልክት እቆጥራለሁ።

ቤቴ ከመድረሴ ማጫወቻዋ ጠፋች። ቻርጀር ብሰካላት ትግላለች እንጂ አትበራም። በቢላ ጫፍ ጀርባዋን ፈለቀቅሁት። ውስጧ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ከባትሪው ጎን አንዲት ቁራጭ ብረት በማስቲሽ ተለጥፋለች። ለምንም አታገለግልም፤ ሥራዋ መክበድ ብቻ ነው። ገዢው በእጁ መዘን ሲያደርጋት «ኧረ ይቺስ ዕቃ ናት» እንዲል! በዚህ ዓለም ላይ ሰውን ለማታለል ብሎ ብረት የሚቆርጥ፣ ማስቲሽ የሚቀባ፣ ቦታዋን ለክቶ የሚለጥፍ ሠራተኛ አለ ማለት ነው። ያን ሁሉ ትጋት ባትሪው ላይ ቢያውለው ምን ነበር?

ብረቷን ነቅዬ ጣልኩ፣ ከአሮጌ ስልክ ያወጣሁትን ባትሪ በፕላስተር አሰርኩባት። በራች። ቋንቋዋ ግን ተለውጦ ሙሉ በሙሉ ቻይንኛ ሆናለች። አማርኛዋን ባይሆን እንግሊዝኛዋን እመልሳለሁ ብዬ ያየሁትን ሁሉ ተጫንኩ። አንዱን ስጫን መብራቷ ሰማያዊ ሆነ፣ ሌላውን ስጫን አንድ የማይታወቅ ሰው ስለ ምን እንደሆነ የማላውቀውን ነገር ሲናገር ሰማሁ፣ ሌላውን ስጫን ምንም የሆነ አይመስልም። በመጨረሻ የየኔታን ድምፅ አገኘሁት። ቋንቋው ይቅርብኝ ብዬ ተውኩት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ አጠናሁ። የሚገርመኝ የየኔታ ትንፋሽ ነበር። በዚህ ዕድሜ እንዴት አንዲት ቃል እንኳ ሳያስረዝሙ ይህን ሁሉ ያወርዱታል? ዝግ ብሎ ይነሳል የሚባለውንም ሰው ሲያጋንን ነው አልኩ። እኔ ራሴ እሳቸውን ለመከተል ላብ እያጠመቀኝ፣ እንግዶቼን ወደ ቤተ መቅደስ ይዤ ስወርድ ሳይቀር እያነበነብኩ ቀጸልኩት።

የንግሡ ዕለት የኔታ ታመሙና መምጣት አልቻሉም። ታቦቱ ወጥቶ ቆመ፣ ረፋድ ላይ ነው፣ ካህናቱ ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ ተሰለፉ። እኔም መካከል ገብቼ መራሁ። መራሁ ስል አስጋለብኩ ማለቴ ነው። ከወዲያኛው ረድፍ የቆመው ቄስ ሞላ፣ የአጥቢያችን ወጣት ቄስ፣ መጀመሪያ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ከዚያ ጸናጽሉን እያንቀጫቀጨ ተከተለኝ። ከበሮ መቺው በሁለተኛው ቃል ላይ ገባ፤ ምን ያድርግ? ሽማግሌዎቹ ካህናት መቋሚያቸውን ይዘው ሲዘሉ ጥምጥማቸው ተፈታ። አንድ ሰው እንኳ «ኧረ ቀስ» አላለም። እንዴትስ ይላል? የየኔታ ዜማ ነው፣ ያመጣሁት ደግሞ ከእሳቸው ቤት ነው። በእኛ ዘንድ ከመምህር አፍ የመጣን ነገር ሊከተሉት እንጂ ሊመዝኑት አይቆሙም። ሲያልቅ ሁሉም እያለከለከ መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ።

በማግስቱ ደረቴን ነፍቼ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። እንዴት እንደመራኸው አሰማኝ አሉ። አሰማኋቸው። መሃል ላይ በእጃቸው አስቆሙኝና፣

«ማን አሳደደህ ልጄ?» አሉኝ።

ማጫወቻዋን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ላይ ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ፣ «ድምፁ የኔ ነው፤ ችኮላው ግን የማን ነው?» አሉ። ቢቆጡኝ፣ በመቋሚያቸው ቢያቀምሱኝ ይሻለኝ ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ፤ እኔም እንባዬ እየመጣ ወጣሁ።

ከተማ ያለው ሞባይል ጠጋኝ ነገሩን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። የማጫወቻ ፍጥነቷ ከፍ ተደርጎ ነበር። ማን ከፍ እንዳደረገው ጠየቀኝ። እዚህ ላይ ፍረዱኝ። በማላውቀው ፊደል የተጻፈን ቁልፍ መጫኔ ጥፋት ነው እንበል። በቁራጭ ብረት ያከበዳት፣ ባትሪዋን በሰዓታት ዕድሜ የሠራት፣ ቋንቋዋን እንደ እስስት የሚቀያይራት፣ «ኦርጅናል ኮፒ» ብሎ የሸጠልኝስ አይጠየቅም? ደሜ ፈልቶ ጋሸና ድረስ ሄድኩ። ነጋዴው አላፈረም። ኮፒ ገዝተህ እንጂ እኔ ዘንድ ብትመጣ ኖሮ ብሎ ሌላ ማጫወቻ አነሳልኝ።

ለካህናቱ ግን አልተናገርኩም። ምን ብዬ ልናገር? «ያን ዕለት ያዘለልኳችሁ በተበላሸ ዕቃ ነው» ልበል? እነዚያ የተፈቱ ጥምጥሞች በዓይኔ ይመጡብኛል። ዓመት ረጅም ነው፣ ይረሱታል፣ በሚቀጥለው ንግሥ ትክክለኛውን አሰማቸዋለሁ አልኩና አፌን ዘጋሁ። የኔታን ለመንኳቸው፣ በስንት ልመና ታረቁኝ። ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፣ እንግዳውን ለሌሎች አስጎብኚዎች እያሳለፍኩ ዓመቱን ሙሉ እግራቸው ሥር ከረምኩ። ቃል በቃል፣ ትንፋሽ በትንፋሽ። የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ለመያዝ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሲሞላልኝ የኔታ፣ «አሁን ሆነ። ምንም ቢሆን እሄዳለሁ» አሉ።

ዘንድሮ መጡ። በበቅሎ አምጥተን ከቅጥሩ ውስጥ ጥድ ሥር አስቀመጥናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ታቦቱ ወጥቶ ቆመ። እኔም አነሳሁት፤ ዝግ ብዬ፣ ቃሉን ይዤ፣ ሳልቸኩል። በሕይወቴ እንደዚያ አዚሜ አላውቅም።

ሁለተኛዋ ቃል ላይ ሳልደርስ ከበሮው ገባ። ወዲያኛው ረድፍ ጥሎኝ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ዘንድሮ ጥምጥማቸውን አጥብቀው መጥተዋል፤ አንድ ምት ሳያዛንፉ፣ አብረው፣ ይጋልባሉ። የኔን ድምፅ የሚሰማ የለም። ዞር ብዬ የኔታን አየሁ፤ ዓይናቸውን ገልጠዋል፣ ሕዝቡን ሁሉ አንድ በአንድ ያያሉ።

ቄስ ሞላ በሩጫው መካከል ጠጋ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማብኝ አዝኖልኝ፣ በጆሮዬ፣

«ጋሼ፣ አዘገዩትሳ። የየኔታ ዜማኮ እንዲህ አይደለም» አለኝ።

«ከማን ተማራችሁት?» አልኩት።

«ካንቱ ነዋ፣ አምና። በስልክ ቀድተን ዓመቱን ሙሉ ስናጠናው ከረምን።»