ገጽ ሰባ አምስት ጥበቃ ላይ ነው

ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ተጨምራበት ከሆነ ምላሳችን ይቆለፍ፤ የተቀነሰ ነገር ካለ ደግሞ ለአንባቢ ጤንነት ታስቦ ነው። ምስክር እፈልጋለሁ ለሚል ምስክር አለ። የደራሲው ባለቤት ነገሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲካሄድ ከላፕቶፑ ጀርባ ቆማ፣ የጠረጴዛ መብራት በእጇ ይዛ፣ የባሏን ፊት ስታበራ ነበረች።

ደራሲው ስለ አንድ ታላቅ ጄኔራል እጅግ ወፍራም ልብ ወለድ ጽፏል። ውፍረቱን ማንም አይክድም፤ አማቱ እንኳ ነፋስ እንዳይዘጋባቸው በሩን የሚያስደግፉት በእሱ ነው። አማትየው ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ቤቱ የእሳቸው ነው፤ ደራሲው የሚጽፍባት ክፍልም የእሳቸው ናት። ራሳቸው ግን የሚተኙት ሳሎን፣ ሶፋው ላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሥነ ጽሑፍ የራሱ ክፍል ይፈልጋል፣ ወገብ ግን የትም ቦታ መታመም ይችላል።

ሃምሳ አለቃው ታግሠው ታግሠው ክፍላቸውን ሊያስመልሱ በተነሡበት ሳምንት፣ ከአንድ የጦር ኮሌጅ ግብዣ መጣ። የተማሪዎች የመጽሐፍ ክበብ ልብ ወለዱን አንብቧልና፣ ደራሲው በኢንተርኔት ቀርቦ እንዲያወያያቸው በአክብሮት ተጠየቀ። አማትየው ግብዣውን ሁለት ጊዜ አስነብበው ሰሙና ፍርዳቸውን ሰጡ።

"እኔ መጽሐፍ አላውቅም፤ ወታደር ግን አውቃለሁ። እነሱ ካከበሩህ ክፍሏ ያንተ ናት፣ ሁለተኛ አላነሳውም። ካላከበሩህ አልጋዬን አስገባለሁ።"

የውይይቱ ዕለት ሃምሳ አለቃው ለወገባቸው ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራቸውና ታሪክ ሲሠራ በዓይናቸው ለማየት አልታደሉም። ደራሲው ግን ዝግጅቱን ጨርሷል። ካልተሸጡት መጽሐፎቹ ከጀርባው ግድግዳ ሙሉ ቤተ መጻሕፍት አቁሟል፤ ሁሉም አንድ መጽሐፍ መሆናቸው ከሩቅ አይታወቅም። መብራቱ ከግራ በኩል እንዲያዝ አዟል፤ ከቀኝ ሲመጣ አፍንጫው ግማሽ ፊቱን ያጨልመዋል።

ስክሪኑ ሲከፈት ማለቂያ የሌለው አዳራሽ ታየ። ተማሪዎቹ ደረታቸውን ነፍተው፣ ዓይናቸውን ሳይሰብሩ ተደርድረዋል። የኮሌጁ አዛዥ፣ አንድ ግርማ ሞገሳቸው ከስክሪኑ የተረፈ ኮሎኔል፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሪፖርት አቀረቡ።

"የተሰጠው የንባብ ግዳጅ በታቀደለት ጊዜ፣ ያለ አንዳች ጉዳት ተፈጽሟል። መጽሐፉ ሦስት መቶ ስድሳ ገጽ ነው፤ ተማሪውም ሦስት መቶ ስድሳ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ገጽ ደርሶታል። መጽሐፉን ከቁርስ በፊት ተቆጣጥረነዋል።"

እዚህ ላይ ባርኔጣ ማንሳት ተገቢ ነው። ሌላው ዓለም በአንድ መጽሐፍ ሳምንት ሙሉ ሲያዛጋ፣ በዚህ ዘዴ ግን የአንድ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ከነመደርደሪያው እጁን ይሰጣል። ምሥጢር እንዳይባክንም ማንም ተማሪ የጓዱን ገጽ እንዳይጠይቅ ጥብቅ መመሪያ ወርዷል። እያንዳንዱ የሚያውቀው ማወቅ ያለበትን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ጠያቂ ተነሥቶ ቀጥ አለ።

"ገጽ ሰባ አራት ነኝ፣ ጌታዬ። በእኔ ገጽ ላይ ጄኔራሉ ወደ ጦርነቱ ሊሄድ እግሩን ወደ እርካቡ አንስቷል። ከዚያ ምን ሆነ?"

ደራሲው ፈገግ አለ። "እሱን እንኳ ጓደኛህ ሰባ አምስት ይንገርህ።"

"ገጽ ሰባ አምስት ጥበቃ ላይ ነው" አሉ ኮሎኔሉ።

"ታዲያ ጄኔራሉስ?"

"ተረኛው እስኪቀየር እግሩን እንዳነሳ ይቆያል።"

በዚህ ሥነ ሥርዓት ያልተደነቀ አልነበረም። ቀጥሎ የተነሣው ተማሪ የደረሰው ከምዕራፍ በፊት የምትገኝ ባዶ ገጽ ነበረች። ሦስት ጊዜ ደጋግሞ እንዳነበባት፣ በሦስተኛው ላይ ስለ ሞት ማሰብ እንደጀመረ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ አስረዳ። ደራሲውም እዚያች ገጽ ላይ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ እንደደከመ አልሸሸገም።

መጨረሻ ላይ ኮሎኔሉ እንባቸውን በጓንታቸው እየጠረጉ መጽሐፉ ከዛሬ ጀምሮ ከመሣሪያ ጋር አብሮ እንደሚታደል አወጁ። አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ ወታደራዊ ሰላምታ ሲሰጥ፣ የጫማው ድምፅ የደራሲውን ቤት መስኮት አንቀጠቀጠው። የክብር ሻምበልነት ሊሰጡትም ታስቦ ነበር፤ ማዕረጉ ያንስበታል ተብሎ ቀረ።

ማታ እራት ላይ ደራሲው ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ለአማቱ ተረከላቸው። ሰላምታው ጋ ሲደርስ ተነሥቶ በተግባር አሳያቸው። ሃምሳ አለቃው ማንኪያቸውን እንደያዙ ቀሩ።

"ኮሎኔሉ አለቀሱ?"

"እንደ ሕፃን ነው እንጂ፣ አባባ።"

አማትየው ወገባቸውን ይዘው በረጅሙ ተነፈሱ። ክፍሏ የሄደች ይመስል ነበር። ሆኖም ሪፖርት ማጣራት የወታደር ደንብ ነውና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"መብራት የያዝሽው አንቺ ነሽ አሉ። እንዲህ ነው የሆነው?"

እሷ ሳህኖቹን እያነሳች ነበር። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

"ኮሎኔል አልነበረም፣ አባባ። አዳራሽም አልነበረም። የገባችው አንዲት ተማሪ ብቻ ናት፤ ራሷ ነግራዋለች። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብባዋለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ ሰባ አራት ላይ ሰውዬው ወደ ጦርነት ሊሄድ እግሩን ያነሳል፣ ሰባ አምስት ላይ ቤቱ ተቀምጦ እራቱን ይበላል፣ ጦርነቱ የት ሄደ አለችው።"

"ምን መለሰላት?"

"ኔትወርኩ ተቋረጠ አላት።"

"ተቋርጦ ነበር?"

"ኧረ ምንም አልሆነ። ሌላ ጥያቄ አለኝ፣ እጄን አንስቻለሁ አለችው። እሱ ላፕቶፑን ዘጋው።"

ደራሲው ስለ መብራቱ፣ ከጀርባ ሆኖ ስክሪን ስላለመታየቱ፣ በጠቅላላው ስለ ምስክርነት ውስብስብነት ማብራራት ጀመረ። ሃምሳ አለቃው አልሰሙትም።

"እጇን እንዳነሳች? እጅሽን አውርጂ ሳይላት?"

"ሳይላት፣ አባባ።"

አማትየው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡና፣ ሶፋው ላይ ያለውን ብርድ ልብሳቸውን ጠርዝ ከጠርዝ እያገጣጠሙ ማጠፍ ጀመሩ።