አልበሙ ሳያልቅ ቢጎዲን አይፈታም

በዓለም ላይ ሰው የሚያስቸግረው ዝነኛው ራሱ አይደለም፤ የዝነኛው ዘመድ ነው። ዝነኛው ይደክመዋል፣ ያፍራል፣ መነጽር አድርጎ ይሸሸጋል። ዘመዱ ግን ድካም የሚባል ነገር አያውቅም። የኳስ ተጫዋች አጎት፣ የዜና አንባቢ አማት ወይም የአውሮፕላን አብራሪ የአክስት ልጅ የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ፤ ነገውኑ ልጄን አዝዬ፣ ዕቃዬን ጭኜ እገባለሁ። ሰላምታችሁን ሳትጨርሱ «የኛ ልጅ እኮ…» ብለው የሚጀምሯችሁ እነሱ ናቸው።

ለኛ ሰፈር የደረሰችን ክብርት ማናጀር ናት። ሹመቱን የሰጣት የለም፤ ራሷ ሾመች፣ ራሷ ተቀበለች፣ ራሷ አጨበጨበች። ከዚያ በፊት የምናውቃት በሕንፃችን ምድር ቤት ፀጉር ቤት የከፈተች፣ እጇ የማያሳምም፣ አፏ የማያርፍ ሴት ሆና ነው።

ወንድሟ ቀለም ቀቢ ነበር። ዝምተኛ ነው፤ «ደህና ዋላችሁ» እንኳ ከአፉ የሚወጣው በጉጠት ነው። ብቻውን ሆኖ የሕንፃ ደረጃ ሲቀባ ግን ይዘፍናል። ደረጃ ድምፅ ያሳምራል፤ ከምድር ቤት የጀመረውን ጣሪያ ላይ ልብስ የምታሰጣው ሴት ትሰማዋለች። የሚዘፍነውም ከሬዲዮ የለቀማቸውን የኦፔራ ዘፈኖች ነው። እጁን ይዛ እየጎተተች የቴሌቪዥን ተሰጥኦ ውድድር ላይ ያስመዘገበችው እህቱ ናት። ሰውዬው አሸነፈ። ሽልማቱም አልበም ነበር፤ ዜማቸውን ሁላችንም ከማስታወቂያ የምናውቃቸው፣ ስማቸውን ግን ማናችንም የማናውቃቸው ዝነኛ የኦፔራ ዘፈኖች፣ በሱ ድምፅ።

አልበሙ ከወጣ ወዲህ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሰዓት የሚባል ነገር ቀረ። የግድግዳውን ሰዓት አውርዳ በቦታው የወንድሟን ፎቶ ሰቀለች። ጊዜ የሚለካው በዘፈን ሆነ። «ቀለሙን ተቀብተሽ እስከ ሦስተኛው ትቆያለሽ፤ አራተኛው ላይ ልጁ ሲጮህ ትታጠቢያለሽ» ትላለች። አንዲት የቸኮለች ደንበኛ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር አንገቷን አውጥታ «እትዬ፣ ስንት ቀረኝ?» ብትላት፣

«አንድ ለቅሶና አንድ ፍቅር» አለቻት።

መብራት ሲጠፋ የምናርፍ መስሎን ነበር። መብራት ሲጠፋ ራሷ ትዘፍነዋለች።

ቋንቋውን አታውቀውም። ይህ ግን ክብርት ማናጀርን ለአንድ ቀን እንኳ አላገዳትም። ማበጠሪያዋን ወደ ድምፅ ማጉያው ቀስራ እያንዳንዱን ዘፈን ትተረጉምልናለች። «እዚህ ጋ ስሙት፣ ስሙት! ቤት ኪራይ ጨምረውበት ነው።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፦ «ይሄኛው የልጅቷ እናት አልድርም ብላው ነው። አይ፣ የሴት እናት!»

«እንዴት አወቅሽ ግን?» አልኳት አንድ ቀን።

«የሰው ለቅሶ አስተርጓሚ ይፈልጋል እንዴ? አንቺስ ልጅሽ ሲያለቅስ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚገባሽ?»

ልጄ በዚያች ሰዓት ጭኔ ላይ ሆኖ ሕንፃውን በለቅሶ እያናጋው ነው፤ ምን እንደፈለገ ደግሞ ፈጽሞ አልገባኝም።

ከሁሉም የማልረሳው የፋርማሲስቷ ነገር ነው። ጎረቤታችን ናት፤ ውጭ አገር ተምራ ስለመጣች ቋንቋውን ትችላለች። ለወራት ጥርሷን ነክሳ ቆይታ አንድ ቀን አቃታት። «ይቅርታ እትዬ፣ ይሄ ዘፈን እኮ ሰውዬው እስኪነጋ እጠጣለሁ እያለ የሚፎክርበት ነው።»

የረዳቶቿ እጅ ሁሉ ቆመ። እናቱን የቀበረ ልጅ ነው ተብለን ስንቶቻችን ነን ያለቀስንበት! ክብርት ማናጀር ግን እጇን እንኳ አላቆመችም።

«እሱ ድሮ ነው» አለች። «ወንድሜ ሲዘፍነው ተጸጽቷል።»

እንደገና ከፈተችው። እውነት ለመናገር፣ ደግመን ስንሰማው ተጸጽቷል።

እንዲህ እየሳቅንባት ሳለ ነው ወንድሟ ፀጉር ቤት የመጣው። አልበሙን ያሳተመው ድርጅት ያዘጋጀው የምረቃ ዝግጅት አልፎ ነበር። በዚያ ዝግጅት ላይ የተጋበዙት ትልልቅ ሰዎች ሁለተኛው ዘፈን ላይ አንድ በአንድ መነሳት ጀመሩ፤ መጨረሻውን ለወንበሮችና ለአስተናጋጆች ነው የዘፈነው። ካስክ ሥር ያለ ሰው አይሰማም ብለው ሁለቱም ድምፃቸውን አልቀነሱም። እኔ ግን ጆሮዬን በዘዴ አውጥቼ ነበር።

«ይብቃኝ እህቴ። ወደ ቀለሜ ልመለስ።»

«ስልክ ተደውሎላቸው ይሆናል እኮ።»

«ለሁሉም?»

ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። እሷ ማበጠሪያ ስታስቀምጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደነገጥኩ።

«ጀርባቸውን ሳይ ድምፄ ይጠፋል» አለ። «ደረጃ ላይ የሚያየኝ የለም፣ የሚሄድብኝም የለም።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ሞክርልኝ። የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት፣ እዚሁ ሰፈራችን አዳራሽ። አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝፈን። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ተነስቶ ከወጣ ብሩሽህን ራሴ አጥቤ እሰጥሃለሁ። ሁለተኛ ዝፈን አልልህም።»

«ቃል?»

«ቃል።»

እኔ በልቤ «አበደች» አልኩ። የኛን ሰፈር ሰው ታውቁት የለም! ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው «በመጨረሻም» ሳይል ወንበሩን አንስቶ የሚሄድ ሕዝብ ነው። ይህን ሕዝብ ነው ሙሉ የኦፔራ አልበም አስቀምጣ የምታሰማው?

ቅዳሜ ጠዋት ግን ለደንበኞቿ ሁሉ ፀጉር በነጻ እሠራለሁ ብላ አስነገረች። ስለ አዳራሹ ትንፍሽ አላለችም። ነጻ ሲባል ማን ይቀራል? ልጄን ለአባቱ ሰጥቼ ገሰገስኩ። ፋርማሲስቷም አለች፣ ማታ ግብዣ ያለባት የልብስ ሰፊው ሚስትም አለች፣ የሰፈሩ ባልቴቶችም አሉ። ክብርት ማናጀር ከረዳቶቿ ጋር ሆና የሁላችንንም ፀጉር አጥባ በቢጎዲን ጠቀለለችው። የመጨረሻዋ ሴት ተጠቅልላ እንዳለቀች ካስኮቹን በሙሉ አጠፋቻቸውና እጇን አጨበጨበች።

«በሉ ተነሱ። የምትደርቁት አዳራሽ ነው።»

«በዚህ ጭንቅላት?!»

«ሻሽ አለ።»

«መቼ ነው የሚፈታልን ታዲያ?»

«አልበሙ ሳያልቅ ቢጎዲን አይፈታም።»

የልብስ ሰፊው ሚስት ተቆጣች። «እኔ ራሴ እፈታዋለሁ!»

«ፍቺዋ። እርጥብ ፀጉርሽን አንጠልጥለሽ ማታ ግብዣሽ ላይ ትታያለሽ።»

የልብስ ሰፊው ሚስት ሻሿን አሰረች።

እንደ ሠራዊት ተሰልፈን መንገድ ተሻገርን፤ በየሻሹ ሥር ጉብ ጉብ ያለ ጭንቅላት። ትራፊክ ፖሊሱ መኪና አቁሞ አሳለፈን፤ ምን መስለነው እንደሆነ እግዜር ይወቅ። የልጄ አባት ከማዶ አይቶኝ እንደማያውቀኝ ሰው አንገቱን አዙሮ አለፈ።

አዳራሹ ውስጥ የፊተኛውን ወንበር ሁሉ ይዘን ተቀመጥን፤ ከኋላችን ወሬ ሰምተው የመጡ ወንዶችና ጎረምሶች። ቀለም ቀቢው ወደ መድረክ ሲወጣ ፊቱ እንደ ኖራ ነጭ ነበር። ፒያኖ ተጫዋቹ እጁን አነሳ። ዘፋኙ ቀና አለና አየን፤ ሻሽ፣ ሻሽ፣ ሻሽ። የፀጉር ሠሪ ወንድም ነው፤ ይህ ጭንቅላት ምን ማለት እንደሆነ ነጋሪ አይፈልግም። እህቱ ወደቆመችበት በር ተመለከተ። «እህቴ…» አለ በማይኩ፣ ሳቁም አመለጠው። እኛም ሳቅን። ከዚያ ዘፈነ።

ስለ ድምፁ መጻፍ አልችልም፤ ትምህርቴም አይበቃኝ። ወንበሩ ከሥሬ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ ልበላችሁና ይብቃ።

ክብርት ማናጀር በሩ ላይ ቆማለች። ፊቷ ወደኛ ነው፤ ማን እንደተቁነጠነጠ፣ ማን ቦርሳውን እንዳነሳ ታያለች። ሁለተኛው ዘፈን አለፈ። ማንም አልተነሳም። አምስተኛው ላይ ጎንበስ ብላ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች።

«የኔ እናት» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ልጅሽ ጡት ይፈልጋል። ያንቺን ልፍታልሽ፤ በጓሮ በር አሳልፍሻለሁ፣ እሱ አያይሽም።»

መልሴን አልጠበቀችም። በዚያ ደብዛዛ ብርሃን፣ አንዲት ፀጉሬን ሳትነጭ፣ ቢጎዲኑን ሁሉ አውጥታ ጨረሰችው። በዚያ አዳራሽ ካለነው ሴቶች መሄድ የምችል እኔ ብቻ ሆንኩ።

ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ይህች ሴት እዚያ በር ላይ ከቆመች ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ መድረኩ አልዞረችም። የሰፈሩን ሰው ሁሉ አምጥታ ያስቀመጠችለትን ወንድሟን እሷ አላየችውም።

«ተቀመጪ» አልኳት።

«ምን?»

«እኔ ቦታ ላይ ተቀመጪ። በሩን እኔ እይዘዋለሁ።»

«ልጅሽስ?»

«አባት አለው።»

ትከሻዋን ይዤ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳትና ተነሳሁ። ያን ጊዜ ከመድረኩ አየኝ። የተፈታ ፀጉሯን በትና ወደ በሩ የምትሄድ ሴት! ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ቀና አለ። እኔ ሮጥ ብዬ በሩ ጋ ደረስኩና ዞር አልኩ። ጀርባዬን በሩ ላይ ለጥፌ ሁለት እጄን ግራና ቀኝ ዘረጋሁ፤ እንኳን ሰው ዝንብ አታልፍም። ዘፋኙ እኔን አየ፤ ወንበሬ ላይ የተቀመጠችውን አየ። የተንቀጠቀጠው ድምፅ ተመልሶ ቆመ፤ ከቅድሙም ይበልጥ ከፍ አለ።

ክብርት ማናጀር እጆቿን ምን እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት ቢጎዲኖቼን እቅፏ ውስጥ ይዛ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለችው ባልቴት ጠጋ ብላ «ይሄኛውስ ምን እያለ ነው ልጄ?» አለቻት።

«ዝም በይ እማማ» አለቻት። «ልስማበት።»

በሩን ይዤ እስከ መጨረሻው ዘፈን ቆምኩ። ወደ በሩ የመጣ አንድም ሰው አልነበረም። እጄን ልሰበስብ ስል ግን ከጀርባዬ በሩ ተገፋ፤ ከውጭ ነው። በስንጥቁ ብመለከት፣ ድምፁን ሰምተው ከመንገድ የታጠፉ ሰዎች ደረጃው ላይ ተሰብስበዋል። ከፊት የቆመው ሰውዬ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እህት፣ መግባት ይቻላል? ማነው የሚዘፍነው?»

«ቀስ ብላችሁ ግቡ» አልኩት። «ወንድማችን ነው።»