ለወሬም ዩኒቨርሲቲ?

ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወላጅ የሚያርፍ ይመስላችኋል? የት ይታረፋል! ገና የትምህርት ክፍል ምርጫ የሚባል አለላችሁ። የእኔዋ ዝናሽ ለእረፍት ንፋስ መውጫ መጥታ፣ ጋዜጠኝነት ልመርጥ ነው፣ አንተ ካልፈቀድክ ግን አልመርጥም አለችኝ።

በሉ ፍረዱኝ። እዚህ ከተማ ሰው ከባጃጅ ሳይወርድ ለምን እንደመጣ ሰፈሩ ያውቃል። ታዲያ ለወሬ ዩኒቨርሲቲ ምን ያስኬዳል? አካውንቲንግ ምረጪ፣ ባንክ ትገቢያለሽ አልኳት። አንገቷን ደፍታ ወደ ጓዳ ገባች። አንገቷን ስትደፋ ደግሞ ቁርጥ እናቷን ናት፤ አንጀቴን ትበላዋለች።

በዚህ መሀል ክፉ ወሬ መጣ። ስማዳ ያለው የባለቤቴ ወንድም ሞተ ተባለ። እኔ ከማታው ሰምቼ ለባለቤቴ ሳልነግራት አደርኩ። መርዶ መቼም እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ማልዶ ይመጣል፣ ቀስ ተብሎ ይነገራል። የንስሐ አባታችን አባ ወልዴ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ጎህ ሲቀድ ደረሱ። ባለቤቴ ገና አልተነሳችም። በሩን የከፈተችው ዝናሽ ናት።

ነገሩን ስትሰማ ክው አለች። እንባዋን ዋጥ አድርጋ፣ «አባ፣ ለእርስዎ ማን ነገረዎት?» አለች። ከስማዳ ገበያ የተመለሰ ሰው ነው አሏት። እሱስ ከማን ሰማ? በአጎቷ ደጅ ሲያልፍ ሰው ተሰብስቦ ሲላቀስ አይቷል። ሬሳ አይቷል? ሽማግሌዎቹ ተቆጡ፤ እኔም አፈርኩባት። በመርዶ ላይ ጥያቄ አለ እንዴ? እሷ እቴ! ግቢው ጥግ ሄዳ አጎቷ ዘንድ ደወለች።

አነሳው። ራሱ! ሞተ የተባለው ሰው! ለካ በሬው ገደል ገብቶበት ጎረቤት ሊያጽናናው ተሰብስቦ ኖሯል።

ተመስገን ብለን ሳንጨርስ ባለቤቴ ብቅ አለች። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ደጇ ቆሞ ስታይ ምን ትበል? ማንም ሳይተነፍስ ለቅሶውን አቀለጠችው። ወንድምሽ ደህና ነው ብንላት ወይ ፍንክች። አባ መስቀላቸውን ይዘው ቢነግሯትም፣ ልታረጋጉኝ ነው አለች። ይሄኔ ዝናሽ ትከሻዋን ያዝ አድርጋ፣ «እማ፣ አሁን እኔው አናግሬዋለሁ። ደህና ነው። የሞተው ቦራው በሬ ነው» አለቻት።

ልጇን ትኩር ብላ አየቻት። «አንቺ ካልሽማ» ብላ እንባዋን ጠረገች። ወዲያው ደግሞ፣ «ቦራው?» አለችና እንደ አዲስ ጀመረችው። ለካ ከጥጃነቱ አሳድጋ ለወንድሟ የሰጠችው እሷ ናት!

እኔ ሆዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አባና ሽማግሌ ያቃታቸውን ይቺ ልጅ በአንድ ቃል አሳመነች። ኩራቱን የት ላድርገው? እዚያው፣ «ምረጪ ልጄ፣ ፈቅጃለሁ» አልኳት።

አባ ግን ፊታቸው አልተፈታም። «ጋዜጠኛስ ትሁን» አሉ የምታለቅሰውን ባለቤቴን እያዩ፤ «ግን ሞትን እንዲህ ዱብ አድርጎ መናገር የት የተማረችው ነው? የበሬም ቢሆን፣ መጀመሪያ ‹ትንሽ አሞታል› ይባላል!»