በርቀት የጸደቀው ድልድይ

የትንሿ ከተማችን ምክር ቤት ከዘመኑ ጋር እኩል መራመድ የጀመረበትን ታላቅ ቀን ለመጪው ትውልድ ለማስተላለፍ ከእኔ የተሻለ ሰው የለም። ይህን የምለው በትዕቢት አይደለም። የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተባለውን ሁሉ ጽፌያለሁ። የተሠራውን ለመጻፍ ግን ብዙ ቀለም አልፈጀብኝም።

ነገሩ የጀመረው ከበላይ መሥሪያ ቤት በመጣ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ከእንግዲህ ማንኛውም መደበኛ የምክር ቤት ሥራ በአካል መገናኘት ሳያስፈልግ በርቀት፣ በስልክ ምስል እንዲከናወን ያዛል። ይህን ያደረሰን መልእክተኛ ስድስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ነበር የደረሰው። ለምን በስልክ አልላኩልንም ብለን ብንጠይቀው፣ "እናንተ ጋ ኔትወርክ የለማ" አለን። እውነቱን ነው።

ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። ከተማው ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በታች የሆነ ሰው ሁሉ በእሳቸው ፊት ተንበርክኮ ያውቃል፤ ስለዚህ ሐሳባቸውን የሚቃወም እምብዛም የለም። ደብዳቤውን ቆመው አነበቡና መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ክቡራን አባላት፣ ከአሁን በኋላ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊት መገናኘታችን ኋላ ቀርነት ነው" አሉ። አዳራሹ በዚያው ቀን ተዘጋ። ወንበሮቹ ተደራርበው ግድግዳ ተጠጉ፣ ማኅተሙ ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ገባ፣ የበሩ ቁልፍ ሊቀመንበሩ ኮት ኪስ ውስጥ ገባ። እኔም በቀይ እስክሪብቶ፣ "ምክር ቤቱ በርቀት ስለሚሠራ ባለጉዳይ እዚህ እንዳይመጣ" ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ።

አንዲት ትንሽ ችግር ብቻ ቀረች። በአካባቢያችን ኔትወርክ የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው። እሱም ከወንዙ ማዶ ካለው ኮረብታ ላይ፣ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ነው። ከቋጥኙ አሥር እርምጃ ከራቁ ስልኩ ጭጭ ይላል። ስለዚህ ሰባቱም አባላት በርቀት ለመሰብሰብ ሰኞ ጠዋት ከየቤታቸው ወጥተው፣ መንገድ ላይ እየተጠባበቁ፣ ወንዙን ተሻግረው፣ ዳገቱን እያለከለኩ ወጥተው አንድ ላይ ተገኙ።

የሊቀመንበሩ ብስለት የታየው እዚህ ላይ ነው። "ተያይተን ከተነጋገርን በአካል ተሰበሰብን ማለት ነው፤ ደብዳቤውን መጣስ ይሆንብናል" አሉ። አባላቱ ወዲያው ጀርባቸውን ለቋጥኙ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው፣ በዙሪያው ክብ ሠርተው ተቀመጡ። አሁን ሁሉም ሁሉንም የሚያየው በስልኩ ብቻ ሆነ። ከአባላቱ መሐል የባለወፍጮው ክርን አጠገቡ የተቀመጠችውን የባለመድኃኒት ቤቷን ጎን እየወጋ፣ እሱ ግን ስልኩ ላይ አፍጥጦ፣ "እህቴ፣ ምስልሽ ዛሬ ጥርት ብሏል፤ ከየት ነሽ?" ይላታል።

"ከክርንህ ሥር" አለችው።

ሌላም ሥርዓት ወጣ። ስልኩ ላይ ያለውን የድምፅ ምልክት ሳይከፍት የተናገረ ሰው እንዳልተናገረ ይቆጠራል። ባለወፍጮው በመጀመሪያው ቀን ደም ሥሩ ተገታትሮ ለአምስት ደቂቃ ንግግር ካደረገ በኋላ ሊቀመንበሩ ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሆነው፣ "ድምፅህ ተዘግቷል፤ ከፍተህ ድገመው" አሉት። ደገመው። ሁለተኛው ንግግሩ ከመጀመሪያው አንድ ቃል አይበልጥም አያንስም፤ ሁለቱንም ሰምቻለሁና እመሰክራለሁ።

ከተማው ውስጥ ያለ አናጢ የመጀመሪያውን የርቀት ጉዳይ ይዞ የመጣው በዚሁ ሰኞ ነው። አናጢው ነገር የማያበዛ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የማያጣ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት የአዳራሹ በር ተሰብሮ ሲንጠለጠል አይቶ ማንም ሳይጠይቀው ጠግኖት ነበር። ለዚህ ውለታው ምክር ቤቱ፣ "የመንግሥት በር ያለ ፈቃድ ስለ ማንቀሳቀስ" የሚል ርዕስ ያላቸው ሦስት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች ሰጥቶታል። አራተኛ ቢደገም የሥራ ፈቃዱ እንደሚነጠቅ ተገልጾለታል። ደብዳቤዎቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል።

አሁን የመጣው ስለ ድልድዩ ነው። ድልድያችን በሁለት ወፋፍራም ብረቶች ላይ የተረበረበ ሳንቃ ሲሆን፣ መሐሉ ላይ አራት ሳንቃ በስብሶ ወድቋል። ጎልማሳ ሰው እንደምንም ዘሎ ያልፋል። የአናጢው ልጅ ግን ከወንዙ ማዶ ነው ያገባችው፤ የበኩር ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። አዋላጇ ያለችበት ጤና ጣቢያ ደግሞ ከወንዙ ወዲህ፣ ከተማው ውስጥ ነው።

"ጋሼ" አለ አናጢው ሊቀመንበሩ ፊት ቆሞ ባርኔጣውን አውልቆ። "ሳንቃውን ከራሴ አዘጋጅቻለሁ፤ ጉልበቱም የኔ ነው። የምፈልገው ማኅተም ያለበት ፈቃድ ብቻ ነው።"

ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ከስልካቸው አላነሡም። "የማነው ድምፅ?"

"የኔ ነው። ፊትዎ ቆሜያለሁ።"

"ስልኩ ላይ የለህም።"

"እጅዎን ቢዘረጉ ይነኩኛል እኮ፣ ጋሼ።"

"እሱ ነው ችግሩ" አሉ ሊቀመንበሩ ከልብ አዝነው። "ምክር ቤቱ በአካል የቀረበ ባለጉዳይ ማየት አይችልም።"

ባለመድኃኒት ቤቷ የራሷን ስልክ ክንዷን ዘርግታ አቀበለችው። የአናጢው ፊት ስልኮቹ ላይ ብቅ ሲል ሊቀመንበሩ ፈገግ ብለው፣ "እንኳን ደህና መጣህ፤ ሰላም ነው አገሩ?" አሉት።

"ልጄ ወሯ ገብቷል" አለ አናጢው። "በዚያ ሆዷ አራት ሳንቃ መዝለል አትችልም። ክረምቱ ሳይገባ ግማሽ ቀን ብቻ ስጡኝ።"

"እኔ ራሴ ዛሬ ስዘል ሱሪዬ ተቀዷል" አለ ባለወፍጮው። "ይህ ግን የግል ጉዳይ ስለሆነ ቃለ ጉባኤ ላይ አይያዝ።"

አልያዝኩትም።

"ምክር ቤት በስሜት አይወስንም" አሉ ሊቀመንበሩ። "የመሠረተ ልማት ንዑስ ኮሚቴው የድልድዩን ይዞታ በርቀት መርምሮ ለሐሙስ ያቅርብ።" የመሠረተ ልማት ንዑስ ኮሚቴው ባለወፍጮው ነው፤ ሌላ አባል የለውም።

"ሁላችንም እኮ ከአንድ ሰዓት በፊት ዘለን ነው የመጣነው" አለች ባለመድኃኒት ቤቷ። "ምኑ ነው የሚመረመረው?"

"ያ መንገድ መሄድ ነው፣ እህታችን። ምርመራ ሌላ ነው።"

አናጢው ስልኩን መለሰላትና ባርኔጣውን አድርጎ ቁልቁለቱን ወረደ። ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ ቆሞ ክፍተቱን በእርምጃ ሲለካ ከላይ አየሁት። አንጀቴን በላኝ። ነገር ግን አንጀት በቃለ ጉባኤ ስለማይያዝ ቀጣዩን አጀንዳ ጻፍኩ።

ሐሙስ ባለወፍጮው ጥናቱን አቀረበ። ጥናቱ አንድ ፎቶ ነው። "የርቀትን መርህ ለመጠበቅ ስል ከዚሁ ከመቀመጫዬ ሳልነሣ ነው ያነሣሁት" አለ። ፎቶው ላይ ኮረብታው ግርጌ ክር የምታህል ነገር ወንዙን አቋርጣ ትታያለች።

"ከዳር እስከ ዳር ደህና ነው" አሉ ሊቀመንበሩ።

"ያ ሰፊ ቀዳዳስ?" አለች ባለመድኃኒት ቤቷ።

"አይታይም።"

"ፎቶውን አቅርቡት እንጂ።"

"ሳቀርበው ይደበዝዛል" አለ ባለወፍጮው።

"የደበዘዘ ነገር ማስረጃ አይሆንም" አሉ ሊቀመንበሩ፤ ውሳኔውንም እየተጠነቀቁ ቃል በቃል አስጻፉኝ። "ድልድዩ በርቀት ሲታይ ጉድለት ያልተገኘበት በመሆኑ ጥገና አያስፈልገውም።" ስድስት እጆች ወጡ፤ የባለመድኃኒት ቤቷ እጅ ጉልበቷ ላይ ቀረ። ሊቀመንበሩ እጆቹን ከስልካቸው ላይ አንድ በአንድ በመቁጠር ላይ ሳሉ ከባድ ጉርምርምታ ተሰማ።

"ማነው ድምፁን ያልዘጋው?" ብለው ተቆጡ።

ሁሉም ድምፁን ዘጋ። ጉርምርምታው ግን ባሰበት። "እኔ ዘግቻለሁ" "እኔም ዘግቻለሁ" እየተባለ ጥቂት ጊዜ አለፈ። በኋላ ዓይኑን ከስልክ አንሥቶ ወደ ወንዙ የሚያይ ሰው እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ ከላይ አገር ዘንቦ ወንዙ ግንድ እያንከባለለ መምጣቱን፣ የድልድዩን ሳንቃ ሁሉ ጠራርጎ መውሰዱን ለጉባኤው አሳወቅሁ። የቀሩት ሁለቱ ብረቶች ብቻ ናቸው።

"አሁን ከተወሰነ በኋላ?" አሉ ሊቀመንበሩ ቅር ብሏቸው።

ይህን ሳይጨርሱ የአናጢው አማች ከዚሁ ከኮረብታው በኩል ካለው መንደሩ እየሮጠ ደረሰ። ሚስቱን ምጥ ይዟታል። እሱና ሁለት ወንድሞቹ በቃሬዛ እያመጧት ነው፤ አንዱን ጫፍ የሚይዝ አራተኛ ሰው ግን አጥተዋል። በከተማው በኩል ባለው ዳር ደግሞ ድልድዩ ሲወሰድ ያየው አናጢ ያለውን ሳንቃ ሁሉ በትከሻው ተሸክሞ ብቅ አለ። ቀና ብሎም አላየን። በብረቶቹ ላይ በእንብርክኩ እየሄደ፣ ውሃው እግሩን እየላሰው፣ ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ ደረደራቸው። ሚስማር ለመምታት ጊዜ አልነበረውም።

ባለወፍጮው ቃሬዛውን ልያዝ ብሎ ብድግ አለ። መጥፎ ሰው አይደለም። ሊቀመንበሩ ግን ኮቱን ይዘው አስቀመጡት። "አባል ካልጸደቀ ድልድይ ላይ ከወጣ ምክር ቤቱ እንዳጸደቀው ይቆጠራል" አሉት። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞሩ። "ጸሐፊው አባል አይደለም። እሱ ቢሄድ ማንንም አያስጠይቅም።"

ባለመድኃኒት ቤቷ ስልኳን ዘግታ ኪሷ ከተተችው። "እኔም ከስብሰባው ወጥቻለሁ" አለችና ወንዙ ዳር ወርዳ ምጥ የያዛትን ልጅ እጅ ይዛ ከፊት ቀደመች። እኔም ወርጄ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዝኩ። ሳንቃው ከእግሬ ሥር ይንቀሳቀሳል፣ ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ ሰማዩን ታያለች። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ማስታወሻ ደብተሬን በአፌ ይዤ ነበር።

ተሻገርን። አዋላጇ ልጅቷን ተቀብላ በሩን ዘጋችብን። አናጢው እዚያ መቆም ስላልቻለ ተመልሶ ወደ ወንዙ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ይህ ሁሉ ሲሆን ምክር ቤቱ ኮረብታው ላይ ነበር፤ ስብሰባ ያለ መዝጊያ ንግግር አይዘጋምና። ስድስቱ ወርደው ዳር ሲደርሱ አናጢው ከመሐል ጀምሮ ወደ እኛ እያፈገፈገ ሳንቃውን ያነሣል።

"ምን እያደረግህ ነው?" አሉ ሊቀመንበሩ።

"ያለ ፈቃድ የተሠራ ድልድይ እያፈረስኩ ነው፣ ጋሼ።"

"ቆይ እኛ እንሻገር እንጂ።"

"እናንተን ባልጸደቀ ድልድይ ላይ እንዴት አሳልፋለሁ? አራተኛ ደብዳቤ ይመጣብኛል። ማኅተም ያለበት ፈቃድ ስጡኝ፤ አሁኑኑ እመልሰዋለሁ።"

በምክር ቤታችን ታሪክ እንደዚያ የፈጠነ ስብሰባ አልነበረም። ስልክ አላወጡም፤ ፊት ለፊት ተያዩ፣ እጃቸውን አነሡ፣ ጸደቀ። ከዚያ ባለወፍጮው ማኅተሙ የት እንዳለ ጠየቀ። አዳራሽ ነው። አዳራሹ ተቆልፏል። ቁልፉስ? ሊቀመንበሩ እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ አወጡት። ወደ እኔ ሊወረውሩ ክንዳቸውን ሲያነሡ ባለወፍጮው እጃቸውን ያዘ።

"ጋሼ፣ የንብረት ርክክብ በሁለት ፊርማ ነው። ደግሞም በአካል።"

እውነት ነው፤ ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ክንዳቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

"እንግዲያው በሩን ስበረው" አለ ባለወፍጮው ወደ አናጢው እየጮኸ።

"የመንግሥት በር ያለ ፈቃድ አልነካም" አለ አናጢው የመጨረሻዎቹን ሳንቃዎች በብብቱ ይዞ። "ደግሞ አጥብቄ ነው የሠራሁት፤ በቀላሉ አይሰበርም።"

ወደ እኛ ዳር ደርሶ ሳንቃዎቹን ከመረና ተቀመጠባቸው። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ባለመድኃኒት ቤቷ እጅጌዋን እንደ ሰበሰበች ከጤና ጣቢያው መጣች። "ሴት ናት። እናቲቱም ደህና ናት" አለችው። አናጢው እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ አየው፤ ምን እንደሚያደርግበት ጠፋው መሰለኝ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እኔም ትንሽ አለቀስኩ፤ ያን ሰዓት ስብሰባ ላይ አልነበርኩም።

ወንዙ ገና እየሞላ ነው። ማዶ ሊቀመንበሩ አንድ ድንጋይ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ቁልፉን ከፍ አድርገው ያወዛውዛሉ። ከውሃው ጩኸት የተነሣ አንዲት ቃል አትሰማም።

"ምን እያሉ ነው?" አለኝ አናጢው ዓይኑን እየጠረገ።

ደብተሬን ገለጥኩ። ቀኑን ጻፍኩ፤ በዚህ ዳር ሦስት፣ በዚያ ዳር ስድስት ብዬ የተገኙትን መዘገብኩ። ከዚያ ብድግ ብዬ መዳፎቼን አፌ ላይ አድርጌ፣ በሥርዓታችን መሠረት አሳሰብኳቸው።

"ጋሼ፣ ድምፅዎ ተዘግቷል። ከፍተው ይድገሙት።"

ደገሙት። ምክር ቤታችን በእውነት በርቀት መሥራት የጀመረው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ነው።