ሻያ ወንዝ የወረደው ሞተር

ልኩን የሚያውቅ ሰው ብርቅ ነው። ልኩን ግንባሩ ላይ ለጥፎ የሚኖር ደግሞ ከሰው ዘር አልገጠመኝም፤ እንዲህ ያለው ጨዋ የኤሌክትሪክ ዕቃ ብቻ ነው። እስቲ ጎንበስ ብላችሁ የአንዱን ሞተር ታርጋ እዩት። «አይ ፒ» ከሚሉ ሁለት የፈረንጅ ፊደላት ቀጥሎ ሁለት አሃዞች ታገኛላችሁ፤ የፊተኛው አቧራን፣ የኋለኛው ውሃን እስከ ምን ድረስ እንደሚችል ይናገራል።

ይህን አውቅ ነበር። ምላሴ ግን አላስቀመጠኝም።

በደርግ ጊዜ ሮቤ የቀበሌያችን ንብረት ጠባቂ ሳለሁ ለወፍጮ ቤታችን አዲስ ሞተር መጣ። ታርጋው ሃምሳ አራት ይላል። አምስቱ፣ የዱቄት ብናኝ ጥቂት ቢገባበትም ሥራ አያስፈታውም ማለት ነው፤ አራቱ፣ ከየትም በኩል ውሃ ቢረጭበት አይጎዳውም። መነከር ሰባት ቁጥር ይጠይቃል። ወፍጮውን የሚያስነሳው ኦቦ ቃሲም፣ የድሮ ባለጋሪ፣ ቁጥሩ ምን እንደሚል ቢጠይቀኝ፣ «ይሄ ሞተር ዋቤ ሸበሌን ዋኝቶ ይሻገራል» አልኩት።

ሰው አምኖኝ አያውቅም። እሱ አመነኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ ቃሲም ዱቄት የለበሰውን ሞተር ፈትቶ ጋሪው ላይ ጫነና ፈረሱን ወደሚያጥብበት ሻያ ወንዝ ወረደ። ፈረሱንና ሞተሩን ጎን ለጎን ነክሮ በሣር ፈተጋቸው። ሞተሩ አናፋ የሚሉም አሉ፤ እሷን እኔ አልጨመርኩም። መልሶ ገጥሞ ቢያስነሳው አንዴ አጉረመረመና ጸጥ አለ፤ ፊውዙም ተቃጠለ።

ከሰዓት በኋላ በቀበሌው ስብሰባ ላይ «አሻጥር» የምትል ቃል ተነሳች። ያን ጊዜ ያች ቃል ይዛው የሄደችው ሰው መመለሻው አይታወቅም። ቃሲም የጠየቁትን ሁሉ መለሰ፤ የእኔን ስም ግን አላነሳም።

«ፈረሴን ስንት ዘመን ሻያ አጠብኩት፤ ውሃ ገደለው? ወላሂ፣ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነው» አለ።

ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አራት ቁጥር መረጨትን እንጂ መነከርን እንደማይችል እያወቅሁ፣ ዋቤን ይሻገራል ያልኩት እኔ ነኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። «አቦ፣ ጋሽ በላቸው፣ ዛሬ እንኳ ይተዉን» አለች አንዲት ነጋዴ። ሊቀመንበሩ ራሱ እንባውን ጠረገ፤ እንዲያ ከሳቀ በኋላም ያችን ቃል መልሶ ማንሳት አፈረ። ሞተሩ ተፈትቶ ፀሐይ ይሙቅ፣ ቃሲምም ወደ ሥራው ይመለስ ተባለ። የባሌ ፀሐይ ስስታም ብትሆንም በሁለት ሳምንት አደረቀችው፤ ወፍጮውም ተነሳ።

ሮቤ ግን እስከ ዛሬ፣ ሰው ለማዳን ሲል የሌለበትን ጥፋት በራሱ ላይ የፈጠረ ደግ ሰው እያለ ያመሰግነኛል። እውነቴን እኮ ነው ብዬ ብምል ብገዘት የሚሰማኝ የለም። የሚያውቀው ቃሲም ብቻ ነው፤ እሱም ሲያመሰግኑኝ እየሰማ ዝም ይላል።