ስግደት የማያውቀው ሰዓት

ሽማግሌና አሮጊት ለብቻቸው እንዲኖሩ የሚያግዝ ዕቃ መጥቷል ይባላል። መጥቷል፤ እንደ እናቴ አደይ የምላቸው ጎረቤቴ ለተብርሃን ቤት አለ። ግን አንዲት አሮጊት ለብቻዋ እንድትኖር ስንት ጎረቤት መድከም አለበት? እሱን እኔን ጠይቁ።

ልጃቸው ተስፋይ ከአዲስ አበባ መጥቶ ዓይደር ሰፈር ያለውን ቤታቸውን አዋቂ አደረገው። አምፖሉ ሰው ሲገባ ራሱ ይበራል፤ ምድጃው ተረስቶ ከቆየ ራሱ ይጠፋል። መብራት የሄደ ቀን ዕውቀቱም አብሮ እንደሚሄድ ግን አልነገረንም። እናቱ ክንድ ላይ ደግሞ ሰዓት አሰረ። ሲወድቁ ሰዓቱ ለእኔ ይደውላል፤ እኔ አይቼ ስልኬ ላይ ያለችውን አረንጓዴ ምልክት ስጫን «ደህና ናቸው» ማለት ነው። ካልተጫንኩ ለእሱ ይደውላል። «አንዴ ለእኔ ከደወለ መጥቼ አዲስ አበባ እወስዳታለሁ» ብሎ ሄደ። እሳቸው ደግሞ ከዚህ ቤት ሬሳዬ ካልሆነ አይወጣም ባይ ናቸው። እንዲህ ሆኖ የሰው ቤት በእኔ አውራ ጣት ላይ ቆመ።

ስቅለት ደረሰ። አብረን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አደይ ለተብርሃን የመጀመሪያውን ሲሰግዱ ስልኬ ደረቴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ወድቀዋል ይላል። ተጫንኩ። ተነሥተው ደግመው ሰገዱ፤ ደግሞ ወደቁ ተባለ። ለካ ሰዓቱ ስግደት አያውቅም። እሳቸው ወደ አምላክ፣ እኔ ወደ አረንጓዴዋ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ በስቅለት ስልክ የምትነካካ ሴት በምትታይበት ዐይን አየችኝ። ሰዓቱን ያውልቁት ብዬ ባንሾካሹክ፣ እንዳላወልቅ ልጄ አስምሎኛል አሉኝ። ቀጥለውም፣ ጓለይ፣ የኔ ልጅ፣ አንቺ ዛሬ የምትሰግጂው ለማን ነው አሉ።

ጾም ላይ ነኝ፤ መስገድ አለ፣ መነሣት አለ፣ መጫን አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለስግደት ዝቅ አልኩና መነሣት አቃተኝ። ስልኩ እንደተለመደው ይንቀጠቀጣል፣ እጄ ግን አልታዘዝ አለ። አዲስ አበባ መሄዳቸው ነው ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ። አደይ ለተብርሃን ጎንበስ ብለው ስልኩን ከደረቴ አወጡ፣ አረንጓዴዋን ራሳቸው ተጫኑ፣ ከዚያ በብብቴ ገብተው አነሡኝ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው። ቤቴ ድረስም ደግፈው ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው።

በፋሲካ ማግስት ይህን ለተስፋይ በስልክ ነገርኩት። ሲስቅ ቆይቶ አዘነልኝ፤ ለእኔም አንድ ሰዓት ላከ። ስወድቅ ለማን ነው የሚደውለው ብዬ ጠየቅሁት።

ለእናቴ ነው አለኝ።