የኦሞድ ጅግራዎች

ወፍ ማየት የሥራ ፈት ሥራ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትከራከሩት። ገበሬ ወፍ የሚያየው ሊያባርር፣ አዳኝ የሚያየው ሊበላ ነው፤ እንዲያው ለማየት ብሎ የሚያይ የእኔ ቢጤ አስተማሪ ብቻ ነው። በደርግ ጊዜ ከደጋ ወርጄ አቦቦ ሳስተምር፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ሣሩ ጉልበት ሲደርስ፣ ጠዋት ጠዋት የጎረቤቴ የኦሞድ ጓሮ ግንድ ላይ ቁጭ እል ነበር። ቢጫዎቹ ወፎች ማንጎው ላይ ጎጆ ይሠራሉ። ሴቷ ካልወደደችው ወንዱ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። በዘመቻ ከተሠሩት የሰፋሪ ጎጆዎች የእነሱ ይሻል ነበር፤ ይህን እንኳ ያኔ ለማንም አልተናገርኩም።

ኦሞድ አኙዋክ ነው፤ መንግሥት በሩን ያሸገው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ቁጥብ ሰው። እሱ የሚያየው ማንጎውን ሳይሆን መንገዱ ዳር ያለውን ሣር ነበር። አንድ ጠዋት ከዚያ ሣር ጅግራዎች ግር ብለው ተነሡ። ኦሞድ ሳል አለ። በቆሎ ሲኮተኩት የነበረው ልጁ ኦኬሎ መቆፈሪያውን አስቀምጦ ወደ ወንዙ ወረደ። ብዙ ሳይቆይ የቀበሌው ካድሬ ከሦስት ሚሊሻ ጋር ከተፍ አለ። ወጣት ለውትድርና የሚታፈስበት ጊዜ ነበር።

«ልጅህስ?»

«ኢታንግ ሄደ። አክስቱ ታማለች።»

ከሄዱ በኋላ ኦሞድ፣ «ጅግራ ሰው ይፈራል። እኔም እፈራለሁ» አለኝ።

በሳምንቱ ሻይ ቤት ካድሬው አጠገቤ ተቀመጠ። ነገርን ነገር ያነሳዋልና ስለ አገሩ ተፈጥሮ ተጫወትን። እኔም ዕውቀቴን ላሳይ ብዬ፣ «እዚህ አገር እኮ ጅግራ ዘበኛ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ቀድሞ ይነግራል» አልኩት። የማንንም ስም አልጠራሁም። ሳቀ፣ ሻይም ደገመልኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በሦስተኛው ቀን ካድሬውና ሚሊሻዎቹ በወንዙ በኩል መጡ። በዚያ በኩል ሣር የለም፤ ባዶ አሸዋ ነው። ጅግራዎቹ በመንገዱ ዳር ተረጋግተው ሲለቅሙ ኦኬሎን ከእነ ጭቃ እጁ ወሰዱት። ኦሞድ ቆሞ አየ። እኔም አየሁ።

ልጁ አልተመለሰም፤ ደብዳቤም አልመጣም። በቆሎውን አረም ዋጠው። ወራት ደጅ ደጁን ስዞር ከረምኩና አንድ ቀን ሄጄ ለኦሞድ ሁሉንም ነገርኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ሻይ ቤት የነበረ ሰው ነገረኝ። አንተ ክፉ አይደለህም፣ መምህር። ዝም ማለት ብቻ አታውቅም።»

ወደ ግንዱ ጫፍ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ። እስኪመሽ አንድ ቃል አልወጣኝም፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ይህን ነገር ለሰው አላወራሁም ነበር። ይኸው ለእናንተ አወራሁት።